የዋሽንግተን ኮማንደርስ (የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን) ደጋፊዎች፣ «ኦፌንስ (አጥቂ ክፍል) የላችሁም፣ ያላችሁ ጄደን ነው» ለሚለው ምን ትላላችሁ?

ታክሲው፦
ዛሬ ከሬገን ኤርፖርት የጫንኩት ሰውዬ እስከ ቤተዝዳ ድረስ ደሜን አፈላው። «ኮማንደርስ ኦፌንስ የሚባል ነገር የለውም፣ ያለው ጄደን ዳንኤልስ ነው» አለኝ፤ ኳርተርባካችንን፣ ኳሱን የሚወረውረውን ልጅ ማለቱ ነው። ተሳፋሪ ነውና ዋጥ አድርጌ ነዳሁ፤ እዚህ ግን ልተንፍስ። በ2023 4 አሸንፎ 13 የተሸነፈ ቡድን በ2024 12 ሲያሸንፍ፣ 485 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ እስከ ኮንፈረንስ ፍጻሜ (ከሱፐር ቦውል፣ ከሊጉ የዋንጫ ጨዋታ፣ በፊት ያለው) ሲደርስ፣ ያ ሁሉ የአንድ ልጅ ሥራ ነው? እናንተው ፍረዱ።

ፊሊ ነኝ፦
እኔ የተቀናቃኛችሁ የፊላደልፊያ ኢግልስ ደጋፊ ነኝ፤ ሰውዬው እውነቱን ነግሮሃል። ጄደን በዚያ ሲዝን በራሱ እግር 891 ያርድ ሮጧል፣ የጀማሪ ኳርተርባክ ሪከርድ ነው። ቡድኑ በሩጫ ካገኘው ሁሉ ሲሶው የሱ ነው። ሲሶውን ኳርተርባኩ የሚሮጥለት ቡድን ስለ ረኒንግ ባኮቹ (ኳስ ይዘው መሮጥ ሥራቸው ስለሆነው) ምን ያወራል? በ2025 ልጁ ሲጎዳ 5 አሸንፋችሁ 12 ተሸነፋችሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እኔን ያቃጠለኝ «የሚባል ነገር የለውም» የሚለው ነው። ደካማ ነው ቢል እከራከረው ነበር። የለም ማለት ግን ጨዋታውን አላየሁም ማለት ነው። ኦክቶበር 20፣ 2024 ከካሮላይና ጋር ጄደን የጎን አጥንቱን ተጎድቶ ገና በመጀመሪያው ሩብ ወጣ። ተጠባባቂው ኳርተርባክ ማርከስ ማሪዮታ ገባ። ውጤቱ 40 ለ 7። የሌለ ኦፌንስ 40 ያስቆጥራል?

ፊሊ ነኝ፦
እህቴ፣ ካሮላይናን ነው የምትጠቅሽልኝ? ያ ቡድን በዚያ ዓመት ስንቱ ነው የተጫወተበት! ደግሞ ከ40ው ውስጥ 7ቱ የኦፌንስ አይደለም። ዳንቴ ፋውለር የተጋጣሚን ውርወራ ጠልፎ (ኢንተርሴፕሽን) ሮጦ ያስገባው ነው። እሱ ዲፌንስ (ተከላካይ ክፍል) ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እሺ፣ 33 ይሁን። 33ም ከ«የለም» ይበልጣል።

ታክሲው፦
ዳላስንም አትርሺ! የ2024ቱ ሲዝን የመጨረሻው ሳምንት፣ ጄደን በሁለተኛው አጋማሽ አልተጫወተም። ማሪዮታ 3 ሰከንድ ሲቀር ለተቀባያችን ለቴሪ ማክሎሪን ወረወረለትና 23 ለ 19 አሸነፍን። በቤቴ ውስጥ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼ ነበር።

ጋሽ 91፦
ልጆች፣ እኔ ሬድስኪንስን (የዛሬውን ኮማንደርስ) ስከታተል አብዛኞቻችሁ አልተወለዳችሁም። 485 ነጥብ ስትሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የ1991ዱ ቡድናችንም ያስቆጠረው ልክ 485 ነበር፣ ያውም በ16 ጨዋታ። የዛሬዎቹ 17 ተጫውተዋል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቡድኑ ግን ለየቅል ነው። ያኔ ሲዝኑን ሙሉ 9 ሳክ (ኳርተርባኩ ሳይወረውር መጣሉ) ብቻ ነው የተፈቀደው። ጄደን በ2024 47 ጊዜ ተጥሏል። ኦፌንስ ማለት ከፊት የቆሙት አምስቱ ሰዎች ናቸው። የያኔው አሠልጣኝ ጆ ጊብስ ሦስት ሱፐር ቦውል ያነሳው በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው፦ ታይዝማን፣ ዳግ ዊሊያምስ፣ ሪፒን። ሰው ይቀያየር ነበር፣ መስመሩ ግን ይቆማል። ይህን እያየሁ ኖሬ ነው የሰውዬው አነጋገር ያልገረመኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጋሼ፣ ያሉትን አከብራለሁ፣ ግን ሬድስኪንስ («ቀይ ቆዳዎች») የሚለውን ስም ይተዉት። ቡድኑ በ2020 የተወው ስም ነው፤ ለአገሩ ነባር ሕዝብ ስድብ ነው። እኛንም በቆዳችን ቀለም ቢጠሩን ደስ አይለንም።

ጋሽ 91፦
ልጄ፣ ከሱዳን መጥቼ ቋንቋ ሳልችል ሥራ ቦታ ከሰው ያግባባኝ ይህ ቡድን ነው። ስሙ አብሮኝ አርጅቷል። ካስቀየመሽ ግን «ዋሽንግተን» እላለሁ። ስለ 47ቱ ግን መልስ ስጪኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። መልሴ ይኸው፦ 47ቱ ሁሉ የመስመሩ ጥፋት አይደለም። ጄደን ቀዳዳ እስኪያገኝ ኳሷን ይዞ ይቆያል። አንዳንዴ ትወጣለታለች፣ አንዳንዴ ይወድቃል። የ1991ዱ ሪፒን ግን ቆሞ የሚወረውር ሰው ነበር። ሁለቱን በሳክ ቁጥር ማወዳደር ልክ አይመስለኝም። እኔ የምለካው በሌላ ነው። በ2024 በአራተኛ ዳውን (በመጨረሻው ሙከራ) 23 ጊዜ ሞክረው 20ውን አሳክተዋል። ሁሉም የሚመጣውን በሚያውቅበት ሰዓት ሁለት ያርድ መግፋት የአንድ ሰው ጉልበት አይደለም። አምስቱ ካልገፉ ጄደን የት ይሄዳል?

ፊሊ ነኝ፦
ኳርተርባኩ በእግሩ ስለሚያስፈራ ነው! ተከላካዩ ጄደንን ልያዝ ወይስ ረኒንግ ባኩን ብራያን ሮቢንሰንን ብሎ ግማሽ ሰከንድ ሲያመነታ መንገዱ ይከፈታል። ይኸው ተመልሰሽ ወደ ጄደን መጣሽ። በ2024 ሴፕቴምበር ላይ ከጃየንትስ ጋር 21 ለ 18 ያሸነፋችሁት በሰባት ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ 3 ነጥብ በሚያስገኘው) ነው። አንድም ታችዳውን (ኳሷን እስከ መጨረሻው መስመር ማድረስ) የለም። ከቤርስ ጋርም አራት ፊልድ ጎል ብቻ ይዛችሁ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጄደን 52 ያርድ ሽቅብ ወረወረ፣ ኳሷ በሰው እጅ ተነክታ ኖዋ ብራውን እጅ ገባች። ይህ የኦፌንስ ጥንካሬ ነው?

ታክሲው፦
የጃየንትሱን ለምን ግማሹን ታወራለህ? ያን ቀን አንድም ፐንት (ማጥቃት ሲያቅት ኳሱን ለተጋጣሚ መትቶ መስጠት) አልመቱም። በሚቀጥለው ሳምንት ሲንሲናቲ ላይም አልመቱም፣ 38 ለ 33 አሸነፉ። ኳስ በያዙ ቁጥር ነጥብ ይዘው መመለስ ድክመት ነው?

አሠልጣኙ፦
ዘግይቼ ገባሁ። ሃይስኩል ውስጥ የልጄን ቡድን አግዛለሁና ትንሽ ልበል። ሁላችሁም የ2024ቱን የኦፌንስ አሠልጣኝ ኪንግስበሪን ረሳችሁ። የ2024ቱ ኦፌንስ ሳይሰበሰብ፣ ሀድል ሳያደርግ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የሚጫወት ነበር። ተጋጣሚ ዲፌንስ ሰው ለመቀየር ጊዜ አያገኝም፣ ይደክማል፣ የሚጠብቀው ይጠፋዋል። ይህ ጄደን ብቻውን የፈጠረው ሳይሆን ሲስተም ነው። ነገር ግን ያው ሰው ማክሎሪንን አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ብቻ ነው ያሰለፈው። ተከላካይ የት እንደሚያገኘው ያውቃል። እንደዚያም ሆኖ 13 ታችዳውን! ማክሎሪን ከጄደን በፊትም ከዓመት ዓመት በሚለዋወጡ ኳርተርባኮች ሺህ ያርድ ያልፍ ነበር። እሱን ከሂሳቡ አውጥቶ «ያለው ጄደን ነው» ማለት በደል ነው።

ፊሊ ነኝ፦
ከጄደን በፊት በአንድ ሲዝን ከ7 ታችዳውን አልፎ ያውቃል? አያውቅም። 13 ያደረገው ማነው?

አሠልጣኙ፦
ኳሱን የያዘው እሱ ነው ወንድሜ።

ታክሲው፦
እኔን ዛሬም የሚያንገበግበኝ ኖቬምበር 2፣ 2025 ነው። ከሲያትል ጋር 38 ለ 7 እየተመራን፣ አራተኛው ሩብ ላይ ልጁን ሜዳ ላይ ምን አቆየው? ክርኑ ወለቀ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወጣሁ። የዚያን ቀን ውሳኔ ይቅር አልልም።

ጋሽ 91፦
እኔም አልልም። በአንድ ልጅ ክርን ላይ ሲዝን ሙሉ የሚንጠለጠል ከሆነ ግን ሰውዬው ያለው ልክ ነው ማለት ነው። አንተው መሰከርክለት።

ታክሲው፦
ጋሼ፣ እኔ ስለ ልጁ ጤና ነው ያወራሁት! በ2025 ማክሎሪንም ብዙ ጨዋታ አልተሰለፈም፣ ዲፌንሱም ያፈስ ነበር። ሁሉንም በአንድ ክርን ላይ አይጫኑት።

ፊሊ ነኝ፦
የጃንዋሪ 2025ቱን የኮንፈረንስ ፍጻሜ ማንም አላነሳም። እኛ ፊላደልፊያዎች 55 ለ 23 አሸነፍናችሁ። ያን ቀን ጄደን ሙሉ ጤነኛ ነበር። አራት ጊዜ ኳስ አስረከባችሁን።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ዲሴምበር 22፣ 2024ስ? አምስት ጊዜ ኳስ አስረክበን 36 ለ 33 አሸነፍናችሁ። አምስት ጊዜ! ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ኦፌንስ ነው «የለም» የምትሉት።

ፊሊ ነኝ፦
የኛው ኳርተርባክ ሃርትስ በመጀመሪያው ሩብ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጥቶ ነበር። ጄደን ደግሞ ያን ቀን አምስት ታችዳውን ወረወረ። እንደገና ጄደን።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
አምስቱን ማን ተቀበለለት? ራሱ ወርውሮ ራሱ ያዘ?

ታክሲው፦
ሰውዬው ስልክ ቁጥሬን ወስዷል። ዓርብ ወደ ኤርፖርት የምመልሰው እኔ ነኝ። የካሮላይናውን 40 ለ 7 ሳልነግረው ከመኪናዬ አይወርድም።

ፊሊ ነኝ፦
7ቱ የፋውለር መሆኑንም ንገረው።