ክርክር፦ ጡት የጠባ ልጅ ጥርሱ አይወላገድም?

መነሻ፦ «ጡት የጠባ ልጅ የጥርስ ብረት አያስፈልገውም» የሚል ጽሑፍ ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። ለእናቶች እንዲህ ብሎ መንገር ተገቢ ነው ትላላችሁ?

አዋላጅ ነርስ፦ እንዴታ! ሕፃን ሲወለድ የታችኛው መንገጭላው ወደ ኋላ ሸሸት ያለ ነው። ጡት ሲጠባ ወደ ፊት እያወጣ ወደ ኋላ እየመለሰ ያሠራዋል። ለስላሳው የጡት ጫፍም እንደ አፉ ቅርጽ ይለጠጣል። በጡጦ ግን እሺ የሚለው አፉ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ የመጀመሪያው ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቶ ገጣጣ ነው፤ ቁርጥ አባቱን። ታናሽየዋ ወተቴ እምቢ ብሎ በጡጦ አደገች፣ ጥርሷ በክር የተለካ ይመስላል። እስቲ አስረዱኝ።

የጥርስ ሐኪም፦ እህቴ፣ ሁለት ልጅ ማስረጃ አይሆንም፤ ዘር የራሱ ድርሻ እንዳለው ግን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የጥናቶች ዳሰሳ ጡት መጥባትን ከጥርስ አገጣጠም ችግር በ68 በመቶ መቀነስ ጋር አያይዞታል። ቀላል ቁጥር አይደለም። ሆኖም አብዛኞቹ ጥናቶች ያዩት የወተት ጥርስ ነው፤ ቋሚው ብቅ የሚለው 6 ዓመት ገደማ ነው። ደግሞ ጡት ቶሎ የተወ ልጅ ብዙ ጊዜ ጣቱን ወይም የእንጀራ እናት የምንለውን ባዶ ጡጦ ይይዛል። የላይና የታች የፊት ጥርሱ ሳይገጥም ክፍት የቀረ ልጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጣቱ ነው።

አዋላጅ ነርስ፦ ዶክተርዬ፣ ያው ወደ እኔ መጡ እኮ! ጡት የጠገበ ልጅ ጣቱን ምን ሊያደርግለት?

የሁለት ልጆች እናት፦ የኔው ጡት ጠግቦም ጣቱን ጠብቷል።

አንድ አባት፦ ባለቤቴ ሥራ ስለገባች ወተቷን አልባ በጡጦ ነው የምንሰጠው። ይሄ ከየትኛው ይቆጠራል?

የጥርስ ሐኪም፦ ለሰውነቱ የእናት ወተት ነው፤ ለመንገጭላው ጡጦ ነው። ባለቤትህ ማታ ማታ ካጠባችው ደግሞ ሁለቱንም አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚለው ዋናው ለጥርስ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ማጥባት ያልቻለችን እናት በጥርስ ማስፈራራት ምን ይባላል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ታዲያ ጽሑፉ «አያስፈልገውም» ከሚል «ሊቀንስ ይችላል» ቢል ምን ነበረበት?

አዋላጅ ነርስ፦ «ሊቀንስ ይችላል» ቢል ማን ይቀባበለው ነበር?