አጥሩ ተሠራ ወይስ አልተሠራም?

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካና ሜክሲኮ ድንበር አጥር «ትራምፕ ቃሉን ጠብቋል፣ አጥሩ ቆሟል» ብለህ ስትጽፍ አይቼ ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። እኔ አልጠበቀም ባይ ነኝ። ግን «አንዲት ሜትር አልሠራም» የምትለዋ እህታችንም ተሳስታለች።

የሜክሲኮ ድንበር ወደ 2,000 ማይል ይጠጋል። ትራምፕ በ2015 ለምርጫ ሲቀሰቅስ ተራራውና ወንዙ ስለሚያግዝ 1,000 ማይል ይበቃል ብሎ ነበር። በጥር 2021 ከቢሮ ሲወጣ መንግሥት «ተጠናቀቀ» ያለው 458 ማይል ነው። ከዚህ ውስጥ ምንም አጥር ባልነበረበት ቦታ የተሠራው ዋና አጥር 52 ማይል ብቻ፤ አብዛኛው የድሮውን ነቅሎ መተካት ነው። እርግጥ መተካቱ ቀላል አይደለም፣ የድሮው ብዙ ቦታ ላይ መኪና የሚያግድ እንጂ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፈው ነበር፣ በምትኩ የቆመው እስከ 30 ጫማ የሚደርስ ብረት ነው።

ደግሞ «ሜክሲኮ ትከፍላለች» የሚለውስ? ሜክሲኮ ሰባራ ሳንቲም አላወጣችም። 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበ፣ አብዛኛው ከመከላከያ የተዞረ። በዚሁ አጥር ጠብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 35 ቀን ሲዘጋ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የምንነዳ እናስታውሳለን፤ ዳውንታውን ጭር ብሎ፣ ሰልፍ ይዘን ተሳፋሪ የለም።

ለባይደን የምታጨበጭቡም ቆይ። በ2020 «አንድ ጫማ አጥር አይሠራም» አለ፣ በ2023 ጥቅምት ላይ 26 ሕጎችን ወደ ጎን ብሎ ቴክሳስ ስታር ካውንቲ ውስጥ 20 ማይል ገደማ እንዲሠራ ፈቀደ። ገንዘቡ በ2019 የተመደበ ነው፣ ማዛወር አልችልም አለ። ይሁን። ግን ቃል ቃል ነው።

ትራምፕ ተመልሶ በሐምሌ 2025 በፈረመው ሕግ ለአጥሩ 46.5 ቢሊዮን ተይዟል፣ ስለዚህ ሂሳቡ ገና አልተዘጋም።

የኔ ነገር ግን ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ በ2018 ከብራዚል ተነስቶ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መሀል ያለውን የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ የሜክሲኮዋ ድንበር ከተማ ቲዋና ደረሰ። አጥር አልዘለለም። ስሙን ደብተር ላይ አስመዝግቦ፣ ቁጥሩ እስኪጠራ ሳምንታት ጠብቆ፣ በበሩ ገብቶ ነው ጥገኝነት የጠየቀው። ቴክሳስ ላይ ደግሞ ድንበሩ ወንዝ ነው፣ አጥሩ ብዙ ቦታ ከወንዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የቆመው፤ ወንዙን የተሻገረ ሰው አጥሩ ጋ ሳይደርስ አሜሪካ መሬት ላይ ነው። ለኛ ሰው መንገዱን የዘጋው ወረቀት ነው፦ መጀመሪያ በመጋቢት 2020 በኮሮና ሰበብ የወጣው ድንበር ላይ የመጣን ሰው የሚመልስ ትእዛዝ፣ ከዚያ በጥር 2025 ትራምፕ ያወጣው ጥገኝነት መጠየቅን የሚገድብ አዋጅ። ይሄ ስንት ማይል ነው ተብሎ አይለካም፣ ለዚህም ይሆናል ማንም የማይከራከርበት።

ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ባለፈው ሳምንት የሰፈር ልጅ ከአዲስ አበባ ስለደወለልኝ ነው። ደላላው «አጥሩ ሳያልቅ ቶሎ ገንዘቡን ላክ» እያለ አጣድፎታል። እንዳትልክ፣ አጥሩ አይደለም ችግርህ፣ በሩ ላይ የሚቀበልህ የለም አልኩት። እሺ አለኝ። መስማቱን እንጃ።