ዋልተር ብሬናን ሽማግሌ የሚሆነው በምኑ ነው?

ደሴ ፒያሳ፦
ሰላም ናችሁ ወይ። በክበባችን ቴአትር የ24 ዓመት ልጅ የ70 ዓመት የወሎ ሽማግሌ ሆኖ ይጫወታል። የጥጥ ፂም ለጥፎ ቢያጎነብስም ያው ልጅ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ብሬናን ግን በ40ዎቹ ዕድሜው ሽማግሌ እየሆነ ኦስካር ይወስድ ነበር። ከየትኛው ፊልም እንጀምር? ምኑንስ እንይ?

ሐይቅ ዳር፦
አብሽር፣ ከ«ሬድ ሪቨር» (1948 እ.ኤ.አ.) ጀምሩ። ሰውዬው የ1894 ልጅ ነው፤ ጥርሱን በ30ዎቹ ዕድሜው ስላጣ ሰው ሠራሹን እንደ ሚናው ያደርጋል፣ ያወልቃል። እዚያ ፊልም ላይ ጭራሽ ጥርሱን በቁማር ይበላና ለምግብ ሰዓት ብቻ ይመለስለታል። አፉን እዩት።

ልጃችሁ የላይኛውን ከንፈሩን በጥርሱ ላይ ወደ ውስጥ ይጠፈው። «ፍ» የሚወጣው የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ስለሆነ አሁን እሳት እፍ እንደማለት ይሆንበታል። እሱ ይበቃል። ሌላውንም ፊደል ካኮላተፈ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቃሉን አይለይም።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ፦
በ«ሪዮ ብራቮ» (1959) ደግሞ እግሩን እዩ፤ አነካከሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለዋወጥም። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ነው፦ ሲናደድ ይረሳና ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ወይ እግር ይቀይራል። አንድ ጉልበቱን በሻሽ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ቢረሳ እንኳ አይታጠፍለትም። ዱላው ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ ይያዝ። በዚያው በኩል ከያዘው ክብደቱ የሚያርፈው ከታመመው እግር ላይ ነው፤ ሽማግሌ እንዲያ አይሄድም።

ወልዲያ፦
እኔ ግን ጥርስና እግር ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ እላለሁ። በ«ማይ ዳርሊንግ ክለመንታይን» (1946) አያነክስም፣ አይንተባተብም፤ የጎረመሱ ልጆቹን በአለንጋ ሲገርፍ ግን የቤቱ አባት ማን እንደሆነ ጠያቂ አያሻም። በረዳት ተዋናይነት ሦስት ኦስካር (የ1936፣ የ1938ና የ1940 ፊልሞች) የወሰደ ወንድ እስካሁን እሱ ብቻ የሆነው ለየሚናው ሌላ ሰው ስለሚያመጣ ነው። የወሎ ሽማግሌ ሊያስታርቅ ሲቀመጥ ጎንበስ አይልም፤ አገጩን ዱላው ላይ አስደግፎ ሌላው እስኪጨርስ ያዳምጣል። መጀመሪያ ዝም ብሎ መቀመጥ ይለማመድ፤ መጉበጡን ተዉት።

ደሴ ፒያሳ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢ ስለሚለብስ የቱን ጉልበት እንሰር?

ኮምቦልቻ መናኸሪያ፦
የጋቢውን ጫፍ በግራ ትከሻው ከጣለ ነፃ የሚሆነው ቀኝ እጁ ነው። ዱላውን በቀኝ፣ ሻሹን በግራ ጉልበት። ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምሮ ጋቢውን ይልበስ።