የባለቤቴ ጂአይ ቢል ጅማ ሆኜ ይሠራልኛል?

የሄርማታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ በዲቪ ሄዶ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባ፤ ስድስት ዓመት አልፎታል። የኔ ፕሮሰስ ገና ስላላለቀ ከልጃችን ጋር ጅማ ነኝ። ቀን አጂፕ አካባቢ ፋርማሲ እሠራለሁ፣ ማታ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤኮ ግቢ አካውንቲንግ እማራለሁ። ሰሞኑን «ጂአይ ቢሌን (መንግሥት ለወታደር የሚከፍለውን የትምህርት ወጪ) ላንቺ ላዙርልሽ፣ ክፍያሽን ይቻሉልሽ» አለኝ። እናቴ ይህን ሰምታ «ለወንድምሽም ይድረሰው» ብላ ይዛኛለች። እውነት እዚህ ሆኜ ይከፍሉልኛል?

ቡና አፍሊ፦
ወንድምሽን እርሺው። የሚዞረው ለሚስት (ለባል) እና ለልጅ ብቻ ነው። ለእናትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያት።

የኮቺ ልጅ፦
እህቴ፣ እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፣ አሁን ሜሪላንድ። ከጦሩ ወጥቼ ነርሲንግ የተማርኩት በዚሁ ጂአይ ቢል ነው።

ማዞሩን ያዙር፣ ያውም ሳይወጣ። ከጦሩ ከወጣ በኋላ ማዞር የለም። ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው ይፈቀድለታል፣ ግን ካመለከተበት ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ለማገልገል ይፈርማል። አንቺና ልጁ አስቀድማችሁ ዲርስ በሚባለው የቤተሰብ መዝገብ ላይ መግባት አለባችሁ። የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬታችሁን ከነትርጉሙ አዘጋጂ።

ውጭ አገርም ይከፍላሉ፣ ትምህርት ቤቱን ቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ካጸደቀው። ድረ ገጻቸው ላይ ስሙን ጽፈሽ ማየት ነው። ግን ቢገኝ እንኳ እኔ ብሆን ጅማ ላይ አልነካውም! የሚሰጡሽ የተወሰነ ገንዘብ ሳይሆን የሚከፈልልሽ የትምህርት ወር ነው፤ በጠቅላላው 36 ወር። ለርካሹም ለውዱም ትምህርት እኩል ይቆረጣል። እዚህ ስትመጪ ጥቅሙ መቶ በመቶ የሚገባው ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለው ሙሉ ክፍያ ይሸፈንለታል፣ ለመጽሐፍም በዓመት እስከ 1,000 ዶላር አለ። የማታውን ከኪስሽ ጨርሺ። (ባልሽ ይላክልሽ እንጂ፣ ምን ሥራ አለው!)

ደግሞ እሱ ጦሩ ውስጥ እያለ ለሚስት የቤት አበል አይከፈልም። ለልጅ ግን ይከፈላል። ስለዚህ ሲያዞር ለልጁም ቢያንስ አንድ ወር ያስይዝለት። ያኔ ከወጣም በኋላ ወሩን ከአንቺ ወደ ልጁ ማሸጋገር ይችላል። ምንም ያልተያዘለትን ግን በኋላ መጨመር አይቻልም።

የሄርማታዋ፦
ኧረ አራት ዓመት! ባለፈው ዓመት ነው እኮ ኮንትራት ያደሰው፣ ለስድስት ዓመት።

የኮቺ ልጅ፦
ታዲያ ምን ቀረው? ገና አምስት ዓመት አለበት አይደል፣ አራቱ እዚያው ውስጥ ይታሰብለታል። ዛሬውኑ ደውይና ያመልክት በይው።

ቡና አፍሊ፦
ዛሬ ስትደውይ ሰዓቱን እይ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳታገኚው 😄