ሱባሩዬ ሲታጠፍ ይይዘኛል፤ ነገ ሌሊት ቬይል መውጣት አለብኝ

ሚኪ ኦሮራ
ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። መኪናው የ2002 ሱባሩ አውትባክ ነው፣ አውቶማቲክ፣ 4 ሲሊንደር። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ፓርኪንግ ውስጥ መሪውን ሙሉ አዙሬ ልወጣ ስል አልሄድም አለኝ። የእጅ ፍሬን ሳልለቅ የተነሳሁ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አየሁት፣ ለቅቄዋለሁ። ነዳጅ ስሰጠው ዷ ዷ ዷ እያለ ይዘላል፣ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲፋቅ ይሰማል። ቀጥ ብዬ ስነዳ ግን ምንም የለውም። አንድ የካምቢዮ ጋራዥ ደወልኩ። ሳያዩት «ኦል ዊል ድራይቩ (አራቱንም ጎማ የሚነዳው) ሞቷል፣ ካምቢዮው ይቀየር፣ 3,200 ዶላር» አሉኝ። መኪናው ራሱ ቢሸጥ ይህን አያወጣም። ነገ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለሥራ ወደ ቬይል፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ወዳለችው ከተማ፣ መነሳት አለብኝ፣ በረዶ ይጥላል ተብሏል። ኦል ዊል ሳይኖረኝ እንዴት ልውጣ?

የመርካቶ ልጅ
ሽጠውና ቪትዝ ግዛ ወንድሜ። እኛ ጋ ቪትዝ ኩሬም ኮረብታም ይወጣል።

ደጀን
የካምቢዮ ዘይት ቀይር። የእኔም እንደዚሁ ነበር፣ ቀየርኩት ተወው።

ጋሽ ካምቢዮ
ልጄ ሚኪ፣ መጀመሪያ «ሞቷል» የሚለውን ተወው። ኦል ዊሉ ቢሞት ኖሮ መኪናህ በፊት ጎማ ብቻ ይጎተት ነበር እንጂ ሲታጠፍ አይይዝህም። ያንተ አልሞተም፣ አለቅም ብሎ ነው። ተቃራኒው ነው የሆነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ሰፋ ያለውን ክብ ይዞራሉ፣ የኋላዎቹ ጠበብ ያለውን ይቆርጣሉ። ስለዚህ ፊትና ኋላ በእኩል ፍጥነት መዞር አይችሉም፣ አንዱ ለሌላው ትንሽ መልቀቅ አለበት። ያንተ ካምቢዮ ጭራው ላይ የተደራረቡ የፍሪሲዮን ሳህኖች አሉት፣ ለኋላ ጎማ ጉልበት የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። የዘይት ግፊት ሲጫናቸው ይጣበቃሉ፣ ግፊቱ ሲቀንስ ይንሸራተታሉ። ግፊቱን የሚያዘው «ዱቲ ሲ» የሚባል ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ ነው፣ እሱን ደግሞ ኮምፒውተሩ ያዘዋል። ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ሳህኖቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። በረዶ ወይም ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ላታውቀው ትችላለህ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሪ ሙሉ ስታዞር አሁን ያልከው ነገር ይመጣል።

ሁለት ነገር ንገረኝ። ሞተር ስታስነሳ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል? 16 ጊዜ ብልጭ ካለ ኮምፒውተሩ ስህተት መዝግቧል ማለት ነው። ሌላው፣ ሰሞኑን መኪናው ላይ ምን ሠርተሃል?

ሚኪ ኦሮራ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አስነስቼ አየሁት፣ መብራቱ በርቶ ወዲያው ጠፋ፣ ብልጭ ድርግም አላለም። ምንም አላሠራሁም። ባለፈው ወር የሞተር ዘይት ብቻ ነው የቀየርኩት።

ደጀን
ዘይት ነው አልኩህ እኮ። የካምቢዮውን ቀይር።

ሳባ ሲያትል
ሚኪ፣ ጎማስ?

ሚኪ ኦሮራ
ጎማማ ቅዳሜ ሁለት አዲስ አስገብቻለሁ፣ የፊቶቹን። የኋላዎቹ ገና ይሠራሉ፣ ሁለት ይበቃሃል አሉኝ። ምን ያገናኘዋል?

ሳባ ሲያትል
በጣም ነው የሚያገናኘው! እኔም በዚሁ ነው የተቃጠልኩት፣ 2001 ሱባሩ ሌጋሲ ነበረችኝ። አዲስ ጎማ ወፍራም ነው፣ ስለዚህ ዙሪያው ይረዝማል። ያለቀው ጎማ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ጊዜ መዞር አለበት። ቀጥ ብለህ ስትነዳ እንኳ ኋላና ፊት አይስማሙም፣ ሳህኖቹ ሙሉ ቀን ሲፋተጉ ይውላሉ። ሱባሩ በአራቱ ጎማ መካከል የሚፈቅደው የዙሪያ ልዩነት ሩብ ኢንች ነው፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ማስመሪያ ይዘህ ውጣና የጎማውን ጥርስ ጥልቀት ለካ፣ ፊትም ኋላም። አሁኑኑ።

ቴክሳስ ነኝ
ቀላል ነው። ኮፈኑን ክፈትና የኦል ዊሉን ፊውዝ ንቀለው፣ በፊት ጎማ ብቻ ይሄዳል።

ጋሽ ካምቢዮ
አይነቀልም፣ ይሰካል! ይኼን ስንት ሰው ተሳስቶበታል። ኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ ኋላ ግድግዳው አጠገብ በተሳፋሪው በኩል፣ ኤፍ ደብሊው ዲ (FWD፣ በፊት ጎማ ብቻ መንዳት) የተጻፈበት ባዶ የፊውዝ ቤት አለ። ሞተሩን አጥፋና 15 አምፔር ፊውዝ ስካበት። ስታስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ በዚያው ስም መብራት ይበራል። ያኔ ኮምፒውተሩ ሳህኖቹን ልቀቁ ይላቸዋል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩና ቪዲሲ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው) ያለው ላይ አትፈልጉ፣ የእሱ አሠራር ሌላ ነው።

ከዚያ ባዶ ፓርኪንግ ሂድ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙር፣ ነዳጅ ሳትረግጥ ፍሬኑን ብቻ ልቀቅ። ከለቀቀህ ሶሌኖይዱም ሳህኖቹም በሕይወት አሉ፣ ጥፋቱ ጎማው ወይም ዘይቱ ጋ ነው። መብራቱ በርቶ አሁንም ከያዘህ ሶሌኖይዱ ወይም ሳህኖቹ ናቸው። ያ እንኳ ቢሆን የካምቢዮው ጭራ ካምቢዮው ሳይወርድ ተከፍቶ ይሠራል። ሙሉ ካምቢዮ ይቀየር ያለህን ሰው እንዳትሰማው።

ደጀን
ጋሼ፣ ዘይቱን ግን መቀየር አይከፋም።

ጋሽ ካምቢዮ
አይከፋም ደጀን፣ ልክ ነህ። ግን አንዴ ስትደፋው የሚወጣው ግማሹ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ እየደፉ፣ በመሃል እየነዱ ነው የሚጠራው። ሌላም ነገር አለ። በዚህ አውቶማቲክ የፊት ዲፈረንሻሉ የራሱ ዘይትና የራሱ መለኪያ ዘንግ አለው። የካምቢዮውን ደፋሁ ብሎ የዲፈረንሻሉን ደፍቶ፣ በደረቁ ነድቶ የጨረሰ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። በማታ ባትሪ አብርተህ የምትሠራው ሥራ አይደለም።

ሚኪ ኦሮራ
ተመልሻለሁ። እጄ ደርቋል። ፊውዙን ከነዳጅ ማደያው ገዛሁ፣ ቤቱን አገኘሁት፣ ክዳኑ በአቧራ ተሸፍኖ ነበር። ሰካሁት፣ መብራቱ በራ። መሪውን ሙሉ አዙሬ ፍሬን ለቀቅኩ፣ እንደ ቅቤ ሄደ! ሁለት ዙር ዞርኩ፣ ምንም። ጎማውን ለካሁ። የፊቱ 8 ሚሊ፣ የኋላው 3 ሚሊ።

ሳባ ሲያትል
እሰይ! አየህ፣ 5 ሚሊ ልዩነት ጥርሱ ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ዙሪያው ላይ ግን 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባንተ ጎማ ልክ በአንድ ኪሎ ሜትር የኋላው 6 ወይም 7 ዙር ይጨምራል ማለት ነው። ቬይል ከመቶ ማይል ያልፋል፣ አንተው አስበው።

ቴክሳስ ነኝ
ስለዚህ ፊውዙን እዚያው ይተወውና ይሂድ። ምን ችግር አለ?

ሳባ ሲያትል
ችግር አለ። ፊውዙ ካለ ኦል ዊል የለም። ፊውዙ የተሠራው ትንሿን ትርፍ ጎማ ስታስር ጎማ ቤት እስክትደርስ ነው። ደግሞ ወደ ቬይል በሚወስድህ አውራ ጎዳና በኢንተርስቴት 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ የኮሎራዶ ሕግ አለ። ኦል ዊል ያለው መኪና እንኳ ጎማው ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥርስ ይኑረው ይላል፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ያንተ የኋላ 3 ሚሊ ነው። ኦል ዊሉ ደህና ቢሆንም በዚያ ጎማ በበረዶ ተራራ አይወጣም። ሚኪ፣ እባክህ ነገ ከሰው ጋር ሂድ። ስትመለስ ለኋላ ከፊቱ ጋር አንድ ዓይነት ሁለት ጎማ አስገባ። ከ3,200 ዶላር ጋር አይወዳደርም።

ሚኪ ኦሮራ
አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፣ አሁን እየደወልኩለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጎማውን ስቀይር እነግራችኋለሁ።

ሳባ ሲያትል
(ከአምስት ቀን በኋላ) ሚኪ፣ እንዴት ሆነ? ጎማው ከተቀየረ ፊውዙን ማውጣት እንዳትረሳ።

አዲሱ ሹፌር
ይቅርታ፣ እኔም እንደዚሁ ሲታጠፍ ይይዘኛል፣ 2004 ሱባሩ ፎረስተር፣ ማንዋል ካምቢዮ። ፊውዙን ፈልጌ አጣሁት።

ጋሽ ካምቢዮ
ማንዋል ከሆነ አትድከም፣ ያ ፊውዝ የለውም። ያንተ መሃል ላይ ሌላ ዓይነት ዲፈረንሻል ነው ያለው። አራቱን ጎማ ለካና ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ሚኪ ግን የት ገባ?