ሐሙስ ሐሙስ የሚዝሉብኝን ተማሪዎች ምን ላድርጋቸው?

ጠያቂ (መምህር፣ ምሥራቅ ጎጃም)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ቢቸና አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። ከክፍሌ ልጆች ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ቅዳሜ ቤተሰብ ጋ ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሰኞና ማክሰኞ ደህና ናቸው። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል፣ ልጆቹም ይዝላሉ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ሰሌዳ ፊት ቆማ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ቁርስ በልታ እንደሆነ ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። እኛም በመምህር ደመወዝ ከኪሳችን አንዘልቀውም። ምን ይሻላል?

ከደጀን
መምህር፣ አታካብደው። ጎጃም እኮ የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተቆጠረው በቁራሽ ነው። እኛም በበሶ አልፈናል።

ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ
ወንድሜ፣ በሶውማ ቢኖራት መች ትወድቅ ነበር!

መምህር፣ ልጅ ሲዝለፈለፍ በጀርባው አስተኙና እግሩን ከፍ አድርጉ። ከብበው የቆሙትን አርቁ። በደንብ ሳይነቃ ውሃም ስኳርም በአፉ እንዳታደርጉ፣ ትን ይለዋል። ከነቃ በኋላ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ፣ ከዚያም ምግብ። ቶሎ ካልነቃ ወይም ካንቀጠቀጠው ጤና ጣቢያ ነው። ልጅቷን ግን አሁንም ውሰዷት፤ ደም ማነስ ትመርመር። የወር አበባ የሚበዛባቸውና የሆድ ትል ያለባቸው ልጆች ደማቸው ያንሳል። ሁሉንም በረሃብ አታሳቡት።

እንጀራውን ደግሞ የሻገተውን ፍቀው ቀሪውን እንዳይበሉ ንገሯቸው። ሻጋታ በዓይን ከሚታየው አልፎ ይገባል።

እናት፣ ሞጣ
መምህርዬ፣ የኔም ልጅ ተከራይታ ነው የምትማረው። እንጀራ የሦስት ቀን ብቻ ነው የማስይዛት። ለቀረው ድርቆሽ፣ በሶና የተቆላ ሽምብራ። ድርቆሹ ፀሐይ ሳይጠግብ ከታሰረ እሱም ይሻግታል። በገበያ ቀን በጎረቤት እጅ ትኩስ እልክላታለሁ። እናንተ ጋም ገበያተኛ አይጠፋም።

አደራ፣ ብርድ ነው ብለው ከሰል አንድደው በር ዘግተው እንዳይተኙ! ጭስ ባይታይም መርዙ አለ። ሽታ ስለሌለው አይቀሰቅስም።

መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም
እኛ ወተመህን (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን) ሰብስበን ከየወላጁ አንድ አንድ ጣሳ ገብስ ጠየቅን። በአዝመራ ማግስት ስለነበር ማንም አላጉረመረመም። በሶው የሚቀመጠው ሞዴስ በምናስቀምጥበት ክፍል ነው። ልጅ ሲገባ ለምን እንደገባ አይታወቅበትም፣ ስም አይመዘገብም። መጀመሪያ በሰልፍ ላይ ስናድል የተራቡት ራሳቸው ቀርተውብን ነበር። አሁን ሳይበላ የመጣ መምህርም ብቅ ይላል፣ ማን ያየዋል!

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት የልጅቷን ቤት አየሁት። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ናቸው፤ መስኮት የለውም፣ ከሰል ማንደጃው አልጋው ሥር ነው። አከራይዋ ማታ ማታ ከደጅ ሊያስቀምጡላቸው ቃል ገብተዋል። ጤና ጣቢያ ሰኞ እወስዳታለሁ። የገብሱን ነገር ለርዕሰ መምህሩ አንስቻለሁ። መምህርት፣ ማስፈጫውን ማን ቻለላችሁ?

መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም
ወፍጮ ቤቱ ራሱ። የሱም ልጅ እዚያው ነው የሚማረው።