ነርስ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሚሽን ጣቢያ ሂጂ ብላኛለች፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? የምኖረው ጅማ ነው፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን የልማት ክፍል ምዕራብ ኦሞ በኩል ትንሽ ክሊኒክ አለው። ባለሙያ አጥተዋልና ሁለት ዓመት አገልግዪ ብለውኛል። ደሞዙ አሁን ከማገኘው ያንሳል። እማዬ ይሄን ከሰማች ወዲህ ቡና ስታፈላ እንኳ አትጠራኝም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የወጣቶች መሪያችን "መርፌ መውጋት ማንም ይችላል፣ ሚሽን ማለት ወንጌል ነው" ይላል። ፕሮጀክቱን የሚመሩት ደግሞ ለጋሾቹ ስለማይወዱ በሥራ ሰዓት ስለ እምነት ትንፍሽ እንዳትዪ ብለውኛል። ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው የምሄደው? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። በናታችሁ "እንጸልይልሻለን" ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ፣ እሱስ አልጎደለኝም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ያንቺ ጥያቄ እኛ ወጣት ሳለንም ነበር። እንዲያውም መካነ ኢየሱስ በ1972 እ.ኤ.አ. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጄኔቭ ድረስ ደብዳቤ የጻፈችበት ጉዳይ ነው። ያኔ ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የውጭ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘቡን ያፈሱታል፣ ለወንጌል ሥራ ሲባል ግን እጃቸው ያጥራል። ደብዳቤው ሰውን ነፍስና ሥጋ ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉብን ነው የሚለው። ስለዚህ የወጣቶች መሪያችሁም አለቆችሽም ያንኑ ሰው እየከፈሉት ነው፣ አንዱ ከራስጌ አንዱ ከግርጌ። ቄስ ጉዲናን ደርግ በ1979 እ.ኤ.አ. አስገደላቸው፤ ክርክሩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ደግሞ መርፌን የናቀው ልጅ ታሪክ ቢያነብ ጥሩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከፋ ድረስ የገቡት ካቶሊኩ አባ ማስያስ ሰው የሚያውቃቸው በስብከት ብቻ አይደለም። ፈንጣጣ ይከትቡ ስለነበር "የፈንጣጣ አባት" ይባሉ ነበር።

የሰርቦው፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አይመለከተኝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ ግን ከተረጂው ወገን የሚናገር ሰው የለም። እኛ ሰፈር ምንጭ ያጎለበተልን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልማት ቢሮ ነው። ሃይማኖታችንን የጠየቀ የለም። ሼኩም ቄሱም ኮሚቴው ውስጥ ገቡ፣ በየጄሪካኑ ሳንቲም ይሰበሰባል፣ ቧንቧ ሲሰበር በዚያው ይጠገናል። እስካሁን እንጠጣለን።

ጎረቤት ቀበሌ ደግሞ ሌላ ድርጅት መጥቶ የእጅ ፓምፕ ተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ፕሮጀክቱ ፌዝ አውት አደረገ፣ ማለት ጊዜው አለቀ ተባለና ሄዱ። ከዚያ ውስጥ ያለችው ጎማ አለቀች። ዕቃው የት እንደሚገዛ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ለጥገና የተዋጣ ብርም የለም። አሁን ፓምፑ ላይ ፍየል ይታሰርበታል።

ስለ እምነትሽ ብጠይቅሽ ንገሪኝ፣ አልከፋም። ግን በሽተኛ መጀመሪያ ስብከት ካልሰማ ካርድ አይወጣለትም የሚባልበት ቦታ ከሆነ አትሂጂ። ልጁ በወባ እየነደደ ያለ አባት አሜን በል ብትዪው ምን ይልሻል? ይላል እንጂ!

ጡረተኛው መምህር፦
የሰርቦው፣ አፍህን ቁርጥማት አይንካው! እኔ የረሳሁትን አስታወስከኝ። በ1927 እ.ኤ.አ. ከሚሲዮናዊው ሐኪም ከዶክተር ላምቢ ጋር የመጡት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የሚባለው የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት እኛጋ ጅማ ለመግባት ነበር። መንገድ ላይ ሆሳዕና፣ ሶዶና ሲዳማ ቀሩ። ጣሊያን ከወላይታ ሲያስወጣቸው የተጠመቀው ሰው መቶ እንኳ አይሞላም። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆኖ ጠበቃቸው። ያን ሁሉ የሠሩት ያገሩ ሰዎች ናቸው፣ ለዚያውም እየታሰሩና እየተገረፉ። የዛሬዋ ቃለ ሕይወት ሥሯ እዚያ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ እዚያ ስትደርሺ አብራሽ የምትሠራ የአካባቢው ልጅ አለች ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሌለች አንቺ የወጣሽ ቀን ክሊኒኩ ይዘጋል።

ቡና በጨው፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ስለ ብሩ ማንም አላነሳም። "አገልግሎት ነው" እየተባለ ስንቱ አገልጋይ ያለ ጡረታ ቀርቷል! ውሉን በጽሑፍ ተቀበዪ። ጡረታ ይቆረጥልሻል ወይ? ብትታመሚ ማን ያሳክምሻል? ክረምት መንገድ ሲዘጋ በምን ትወጫለሽ? ይሄን መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እንኳ ከባለቤታቸው ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. ሲመጡ የሦስት ዓመት ኮንትራት ፈርመው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ እዚሁ መቅረታቸው በኋላ የመጣ ነው። ከባለቤታቸው ጋር ያቋቋሙት፣ በወሊድ የተጎዱ ሴቶች የሚታከሙበት ፊስቱላ ሆስፒታል ይኸው መቱ ድረስ ቅርንጫፍ አለው።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰርቦው፣ ስለ ስብከቱና ስለ ካርዱ ያልከውን አስተባባሪውን ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። ቡና በጨው፣ ውል የሚባል ነገር እስካሁን አላሳዩኝም። ከመንግሥት ሥራዬስ ልልቀቅ?

ቡና በጨው፦
ኧረ ቀስ! መጀመሪያ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ። ካልፈቀዱልሽ ያኔ ታስቢበታለሽ። የክሊኒኩን ውል በእጅሽ ሳትይዢ ግን መልቀቂያ እንዳታስገቢ።